ቪያግራ፣ የአንጎል ዕጢና የፌርፋክስ ጎረቤታችን፦ ምርምሩ ምን ይላል? ምንስ አይልም?



ከትንሿ ኢትዮጵያ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ተነስተን በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብንጓዝ ሲዳርስ-ሳይናይ ሆስፒታልን እናገኛለን። በ2008 ከዚሁ ሆስፒታል አንድ የምርምር ውጤት ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርዕሱን የሰማ ሰው መጀመሪያ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቪያግራና ሌቪትራ፣ ወንዶች በሹክሹክታ የሚጠይቋቸው እነዚያ ኪኒኖች፣ የካንሰር መድኃኒት አንጎል ውስጥ ወዳለ ዕጢ በደንብ እንዲገባ ረዱ ይላል። የተሞከረውም በአይጦች ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ወሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ መዞር ሲጀምር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ረዱ» የነበረው «ያድናል» ይሆናል። «አይጥ» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል። ቤቱ ውስጥ የአንጎል ዕጢ ያለበት ዘመድ የሚያስታምም ሰው ደግሞ ወሬውን የሚሰማው እንደኛ በፈገግታ አይደለም። የሚጨብጠው ነገር የሚፈልግ ሰው ነውና ያምናል፤ ገንዘብ ይልካል፤ ጊዜም ያጠፋል። በዚህ በሽታ ደግሞ ጊዜ ውድ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ በላቦራቶሪ ውስጥ አስደናቂ የሆነ ግኝትና የታማሚን ሕክምና የሚለውጥ ምርመራ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዘበኛውና እንግዳው

ሰውነታችን ውስጥ ሆርሞን የሚባሉ መልእክተኞች በደም ይዞራሉ። ብዙዎቹ ግን ሕዋሱ (ሴሉ) ውስጥ አይገቡም። ነገሩን እንደ አገር ቤት ግቢ አስቡት። እንግዳ መጥቶ በር ያንኳኳል። ዘበኛው ይሰማና ወደ ውስጥ ሮጦ «እንግዳ መጥቷል» ይላል። እቤት ያሉት ቡና የሚያቀራርቡት፣ ወንበር የሚያወጡት በዘበኛው ቃል ነው። እንግዳው ገና ደጅ ቆሟል።

ኤርል ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ይህንን ዘበኛ ያገኘው በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ጉበት ስኳር እንዲለቅ እንዴት እንደሚያዝ ሲያጠና፣ ትእዛዙን ሕዋሱ ውስጥ የሚያደርሰው ሌላ ትንሽ ሞለኪውል መሆኑን ደረሰበት። ስሙ ሳይክሊክ ኤ-ኤም-ፒ ይባላል። ሰዘርላንድ በዚህ ሥራው በ1971 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሳይክሊክ ጂ-ኤም-ፒ የሚባል ወንድምም አለው። ሁለቱን በአንድ ላይ ሳይክሊክ ኑክሊዮታይድ ይሏቸዋል። «ሳይክሊክ» መባላቸው ሞለኪውላቸው ውስጥ ቀለበት የሚሠራ ትስስር ስላለ ነው።

ታዲያ ዘበኛው «እንግዳ መጥቷል» እያለ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ ቤቱ ይታወካል። ስለዚህ ሕዋሱ መልእክቱን ቶሎ የሚያጠፋ ኢንዛይም አለው፤ ፎስፎዳይስተሬዝ ይባላል። ዓይነቱ ብዙ ነው። ቪያግራ የሚሠራው ከእነዚህ አንዱን፣ አምስተኛውን ዓይነት በማገድ ነው። አጥፊው ሲታገድ ሳይክሊክ ጂ-ኤም-ፒ ይበዛል፣ የደም ሥር ይላላል፣ ደም ይፈሳል። የዚያ ታዋቂ ኪኒን ምስጢር ይኸው ነው።

የጎረቤታችን ሙከራ

አሁን ወደ ሲዳርስ-ሳይናይ እንመለስ። የምርምር ቡድኑን የመራው ዶክተር ኪት ብላክ ነው። በአላባማ፣ ተስኪጊ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሲሆን በ1997 ከዩ-ሲ-ኤል-ኤ ወደ ሲዳርስ-ሳይናይ የመጣ ሰው ነው።

የብላክ ቡድን ያስቸገረው ጥያቄ የቆየ ነው። የአንጎል የደም ሥሮች እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል አይደሉም። ግድግዳቸው ጥብቅ ነው፤ ደሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ አንጎል አያሳልፉም። ይህ አጥር ከመርዝና ከተሕዋስያን ይጠብቀናል። ዕጢ ሲበቅል ግን አጥሩ ጠላት ይሆናል፤ የካንሰሩንም መድኃኒት ይመልሰዋል። ዕጢው ባለበት ቦታ አጥሩ በመጠኑ ይሳሳል፣ ሆኖም ብዙ መድኃኒት እንዳይገባ የሚከለክል ኃይል ይቀረዋል።

ቡድኑ አንጎላቸው ውስጥ ዕጢ ላለባቸው አይጦች ቪያግራን ወይም ሌቪትራን በአፍ ሰጠ። ዕጢው ውስጥ ያለው ሳይክሊክ ጂ-ኤም-ፒ ጨመረ፤ በዕጢው የደም ሥሮች ግድግዳ የሚያልፈው ነገርም በዛ። ከዚያ አድሪያማይሲን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ከሌቪትራ ጋር ሰጡ። ምንም ያልታከሙት አይጦች በአማካይ 32 ቀን ኖሩ። ሌቪትራ ብቻ የወሰዱት 35፣ አድሪያማይሲን ብቻ የወሰዱት 42፣ ሁለቱን አንድ ላይ የወሰዱት 53 ቀን።

ቁጥሮቹን ልብ በሉ። ሌቪትራ ብቻውን የጨመረው ሦስት ቀን ነው። ሥራው በር መክፈት ነበር፤ ዕጢውን የመታው ኬሞው ነው። «ቪያግራ የአንጎል ካንሰር ያድናል» የሚለው ወሬ በአይጦቹ እንኳ አልታየም። ከዚያ ወዲህም ቪያግራም ሆነ ሌቪትራ ለአንጎል ዕጢ ሕክምና አልተፈቀዱም። የልብ ሕመም ኖሮበት ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከነዚህ ኪኒኖች ጋር ቢደባልቀው የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ማንም ከጓደኛው ተቀብሎ ለታማሚ እንዳይሰጥ።

ዘበኛው ለምን ምስክር መሆን አቃተው?

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላ ተስፋ ነበር። እነዚህ ሞለኪውሎች ሕክምና ባይሆኑ እንኳ ምልክት ሊሆኑ አይችሉም ወይ? ሐኪሞች «ማርከር» የሚሉት ነገር አለ፤ ተለክቶ ስለ በሽታው የሚመሰክር ማለት ነው።

ሐሳቡ ባዶ አልነበረም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችን ሲለኩ፣ አደገኛነቱ የባሰው ዕጢ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ-ኤም-ፒ ዝቅ ብሎ የማግኘት ዝንባሌ አዩ። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የዕጢ ሕዋሳትን ሳይክሊክ ኤ-ኤም-ፒ ከፍ ሲያደርጉት ሕዋሳቱ መልካቸውን ይለውጣሉ፣ መራባታቸውም ይቀንሳል። በዚያው በ2008 በሴንት ሉዊስ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ሮሊፕራም በተባለ መድኃኒት ሌላውን አጥፊ ኢንዛይም፣ አራተኛውን ዓይነት አግደው በአይጦች ላይ ጥሩ ውጤት አገኙ።

እንግዲያው ለምን ዛሬ ሆስፒታል ሄደን «የሳይክሊክ ኤ-ኤም-ፒ ምርመራ ይሠራልኝ» አንልም? ምክንያቶቹ ከሕይወታችን የራቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ ዘበኛ የሌለው ግቢ የለም። እነዚህ ሞለኪውሎች በጤነኛውም በታመመውም ሕዋስ፣ በጉበትም በልብም አሉ። ደም ወይም ሽንት ውስጥ ከፍ ወይም ዝቅ ብለው ቢገኙ «ይሄ ከአንጎል ዕጢ የመጣ ነው» ብሎ ለመናገር አይቻልም።

ሁለተኛ፣ አይቆዩም። አጥፊው ኢንዛይም ዕጢው ከሰውነት ከወጣ በኋላም ሥራውን አያቆምም። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ቆርጦ ካወጣበት እስከ ላቦራቶሪ ባለው ደቂቃ ውስጥ መጠናቸው ይለወጣል። አንዱ ሆስፒታል ቶሎ ቢያቀዘቅዘው፣ ሌላው ቢያዘገየው ውጤታቸው አይገናኝም።

ሦስተኛ፣ ዕጢ አንድ ወጥ አይደለም። ከካንሰሩ ሕዋስ ጋር የደም ሥር፣ የሞተ ሥጋ፣ ጤነኛ የአንጎል ክፍልም ተደባልቆ ይወጣል። የተለካው የማን ዘበኛ ድምፅ እንደሆነ አይለይም።

አራተኛ፣ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ ቀድቶ መለካትም አልረዳም። በአደጋ የተጎዳ፣ ራሱን የሳተ ሰውም የነዚህ ሞለኪውሎች መጠን ይለወጥበታል። ዕጢ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ከጨመረ ደግሞ ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ራሱ አደጋ አለው።

አምስተኛውና ዋናው፣ ውጤቱ ቢታወቅ እንኳ ሐኪሙ ነገ ጠዋት የሚያደርገውን አይለውጥም። ጥሩ ማርከር ማለት በሽታውን የሚለይ፣ ሳይበላሽ የሚቆይና ውሳኔ የሚለውጥ ነው። ሳይክሊክ ኑክሊዮታይዶች ስለ ካንሰር ብዙ አስተምረዋል፤ ይህን ፈተና ግን አላለፉም።

ፈተናውን ያለፉት

መልካሙ ዜና ሌሎች አልፈዋል። ያለፉትም በዘረመል (በዲ-ኤን-ኤ) ላይ የተጻፉ ምልክቶች ስለሆኑ ነው። የዘበኛው ጩኸት በቅጽበት ይጠፋል፤ የቤቱ ካርታ ላይ የተጻፈው ግን ይቆያል።

የመጀመሪያው አይ-ዲ-ኤች ይባላል። አንዳንድ የአንጎል ዕጢዎች ውስጥ ይህ ዘረመል ተለውጦ እንደሚገኝ የታወቀው በዚያችው በ2008 ነው። ለውጡ ያለባቸው ዕጢዎች በጥቅሉ ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ ታማሚዎቹም ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው አመዳደብ፣ በአዋቂ ሰው ላይ ግላዮብላስቶማ የሚለው ከባዱ ስም የሚሰጠው የአይ-ዲ-ኤች ለውጥ ለሌለበት ዕጢ ብቻ ነው። በማይክሮስኮፕ የሚመሳሰሉ ሁለት ዕጢዎች በዚህ አንድ ምርመራ የተለያየ ስምና የተለያየ ዕጣ ያገኛሉ ማለት ነው።

ይሄ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ቮራሲዴኒብ የተባለ ኪኒን ፈቀደ። የተፈቀደው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የአይ-ዲ-ኤች ለውጥ ለተገኘባቸው፣ ደረጃ ሁለት አስትሮሳይቶማ ወይም ኦሊጎደንድሮግሊዮማ ላለባቸው፣ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ታማሚዎች ነው። 331 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ኪኒኑን የወሰዱት ዕጢው ሳይብስ የቆዩበት አማካይ ጊዜ 27.7 ወር ሲሆን የማስመሰያ ኪኒን የወሰዱት 11.1 ወር ነበር። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትዉድ ያለው የዩ-ሲ-ኤል-ኤ ሐኪም ዶክተር ቲሞቲ ክላውዚ ነው። ልብ በሉ፤ አይ-ዲ-ኤች ያልተመረመረለት ታማሚ ይህ መድኃኒት ይገባው አይገባው እንደሆነ ማንም ሊነግረው አይችልም።

ሁለተኛው ኤም-ጂ-ኤም-ቲ ነው። ቴሞዞሎማይድ የተባለው የኬሞ ኪኒን የካንሰሩን ዘረመል ይጎዳል፤ ኤም-ጂ-ኤም-ቲ ደግሞ ጉዳቱን የሚጠግን ጥገና ሠራተኛ ነው። በአንዳንድ ዕጢ ውስጥ ይህ ጥገና ተዘግቷል፤ ሐኪሞች «ሜቲሌትድ» ይሉታል። በ2005 በወጣ ጥናት፣ ጥገናው የተዘጋባቸው የግላዮብላስቶማ ታማሚዎች ጨረርና ቴሞዞሎማይድ አንድ ላይ ሲያገኙ ግማሾቹ ከ21.7 ወር በላይ ኖሩ፤ መጀመሪያ ጨረር ብቻ ያገኙት ግማሾቹ ከ15.3 ወር በላይ። ጥገናው ባልተዘጋባቸው ግን 12.7 እና 11.8 ወር ነበር፤ ልዩነቱ ጠባብ ነው። በተለይ ለሸመገለ፣ አቅም ላነሰው ታማሚ ይህ ምርመራ ጨረር ይሻላል ወይስ ኪኒኑ የሚለውን ለመወሰን ይረዳል።

ሦስተኛው አንድ-ፒ አሥራ ዘጠኝ-ኪው የሚባለው ነው፤ ሁለት የክሮሞሶም ቁራጮች አብረው መጥፋታቸውን ያሳያል። ከአይ-ዲ-ኤች ለውጥ ጋር ሲገኝ ዕጢው ኦሊጎደንድሮግሊዮማ መሆኑን ያረጋግጣል።

ዘመዳችን አገር ቤት ከሆነስ?

ብዙዎቻችን ስልኩ የሚደወልልን ከአገር ቤት ነው። «ጭንቅላቷ ውስጥ እብጠት አለ ተባለ፤ ወደዚያ እናምጣት ወይ?» ይባላል። ጎፈንድሚ ይከፈታል፤ ቪዛ ይጠየቃል።

ቆም ብለን እናስብ። ኢትዮጵያ ውስጥ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን እዚያው ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው፤ ጥቁር አንበሳ፣ ብዙው ሰው ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው ሚዩንግሰንግና የኖርዌይዋ የበርገን ከተማ ሐኪሞች ተባብረው። ዛሬ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። ደግሞም በምስል ዕጢ የሚመስል ሁሉ ዕጢ አይደለም። የቲቢ በሽታ አንጎል ውስጥ እብጠት ሊሠራ ይችላል፤ የሚታከመውም በቲቢ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ከቲኬቱ በፊት የሚቀድመው ትክክለኛ ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። በቀዶ የወጣው ናሙና ፓቶሎጂ ክፍል ሲደርስ ሰም ውስጥ ይቀበራል፤ «ብሎክ» ይሉታል። ብሎኩ በረዶ አያስፈልገውም፤ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከአገር አገር ይላካል። የነአይ-ዲ-ኤች ምልክት ከዚያ ሰም ውስጥ ሊነበብ ይችላል። ዋነኛው የአይ-ዲ-ኤች ለውጥ ደግሞ ውድ የዘረመል ማሽን ሳያስፈልግ በልዩ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሰውየውን ከማጓጓዝ በፊት ብሎኩን ማስመርመር ይቻላል ማለት ነው። እዚህ ላይ ወርቁ ያለው ሰሙ ውስጥ ነው። ቤተሰብ ሆይ፣ «ብሎኩ ይቀመጥልን፤ የት እንዳለም ይነገረን» በሉ።

ምን እንጠይቅ?

እዚህም ሆነ እዚያ፣ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦

1. የዕጢው ሙሉ ስም ምንድን ነው? ደረጃው ስንት ነው?
2. አይ-ዲ-ኤች ተመርምሯል? ውጤቱስ?
3. ኤም-ጂ-ኤም-ቲ ተመርምሯል? አስፈላጊ ከሆነ አንድ-ፒ አሥራ ዘጠኝ-ኪውስ?
4. ከነዚህ ውጤቶች የትኛው የኛን ሕክምና ይለውጣል?
5. ለዚህ ዓይነት ዕጢ ክፍት የሆነ የሕክምና ጥናት አለ? እኛ አካባቢ ዩ-ሲ-ኤል-ኤ፣ ሲዳርስ-ሳይናይና ዱዋርቴ ያለው ሲቲ ኦፍ ሆፕ እንዲህ ያለ ጥናት የሚካሄድባቸው ናቸው።
6. የፓቶሎጂውን ሪፖርት ቅጂ እናገኛለን? ብሎኩ የት ተቀምጧል?

አራተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት። የትኛውም አዲስ ምርመራ በቴሌግራም ሲመጣላችሁም መለኪያዋ እሷ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብ እናሳስባለን። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ታማሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። የ14 ዓመት ልጅ የእናቱን የካንሰር ውጤት እንዲተረጉም አናድርግ። ቃሉንም አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ለእናቱ ሊነግራት አይጨክንም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ማን ምን እንደሚያውቅ ግራ ይገባል።

ምልክቶቹንም ሳንጠቅስ አንለፍ። አዲስ የመጣና እየባሰ የሚሄድ፣ በተለይ ጠዋት የሚበረታ ራስ ምታት፣ ከሱ ጋር የሚመጣ ትውከት፣ በአንድ ጎን የሚሰማ ድካም፣ የንግግር መያያዝ፣ የጠባይ መለወጥ፣ በአዋቂ ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ መንቀጥቀጥ። ብዙው ራስ ምታት ዕጢ አይደለም፤ አትደንግጡ። ነገር ግን ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቅ አዋቂ ሰው ድንገት ከወደቀ የአንጎል ምስል መነሳት አለበት። ጠበሉ ይቅር አንልም፤ ማንም ሰው ጸሎቱን ይጸልይ፣ ጠበሉን ይጠመቅ። ሐኪሙም አይቅር፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱም በድንገት አይቋረጥ።

በሲዳርስ-ሳይናይ የተደረገው ሙከራ ክብር የሚገባው ሳይንስ ነው። አጥሩ እንደሚከፈት አሳይቷል፤ መድኃኒትን አንጎል ውስጥ የማስገባቱ ጥረትም እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ግን ታማሚው ዛሬ የሚጠይቀው ዛሬ ያለውን ነው፤ ያለውም ስሙ ይታወቃል። ለሚያስፈልገው ሰው እነዚያን ስድስት ጥያቄዎች በአማርኛ አንብቡለት፤ ማንበብ ለማይመቻቸው እናቶችና አባቶች በድምፅ ቀድታችሁ ላኩላቸው።

ቸር ያሰማን፤ ቸር እንሰንብት።